ልጄን ሕመም ለምን ይደጋግመዋል? በዘር ስለሚመጣ የቲ ሴል ጉድለት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ውጤት ለመውሰድ መስኮቱ ጋ የሚቆሙ እናትና አባቶች የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል፤ ሰብስቤ የጻፍኩት እሱን ነው። በሽታው ብርቅ መሆኑን በቅድሚያ ልንገራችሁ። የሚያስለው፣ የሚያስቀምጠው ሕፃን አብዛኛው ይህ የለበትም። ያለበት ልጅ ግን በጊዜ ካልተደረሰበት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። ጥርጣሬውን የሚያስነሳው የመጀመሪያው ምርመራ ደግሞ ውድም ሩቅም አይደለም።

ለመሆኑ ቲ ሴል ምንድን ነው?

ከነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው። ከአጥንት መቅኒ ይነሳል፤ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በሚባል ዕጢ ውስጥ ይበስላል። አንዳንዱ ቲ ሴል በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን ፈልጎ ይገድላል። ሌላው ቢ ሴል የተባለውን እየረዳ ፀረ እንግዳ አካል ያሠራዋል። ስለዚህ ቲ ሴል ከሌለ ቢ ሴል ቢኖርም ብዙ አይረባም። ሐኪሞች ከባዱን ዓይነት “ስኪድ” ሲሉት ትሰሙ ይሆናል። ሁለቱንም የመከላከያ ክንፍ የሚያሽመደምድ ከባድ ጉድለት ማለታቸው ነው።

ኤድስ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ኤችአይቪ ከውጭ የሚገባ ቫይረስ ነው፤ የነበሩትን ቲ ሴሎች ይጨርሳል። እዚህ ቫይረስ የለም። ሴሎቹ መጀመሪያውኑ አልተፈጠሩም፣ ወይም ተፈጥረው ሥራቸውን አይሠሩም። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም።

ግን ሰው ግራ ቢጋባ አልፈርድበትም። በሁለቱም ልጁ ይከሳል፣ አፉ ውስጥ ፈንገስ ይወጣል፣ የሳንባ ምች ይመላለስበታል። ስለዚህ ኤችአይቪ መመርመር የግድ ነው፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። ከ18 ወር በታች ላለ ልጅ ፈጣኑ ምርመራ ብቻውን አያረጋግጥም። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ደሙ ውስጥ ስለሚቆይ ነው። የሚሠራለት ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ፒሲአር ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። “ኔጋቲቭ ነው፣ ተመስገን” ይባልና ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ልጁ ግን አሁንም እየከሳ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ መነሳት ያለበት ኔጋቲቭ የተባለ ቀን ነው።

የትኛው ዘረመል ነው የሚበላሸው?

አንድ አይደለም። ከባዱን ዓይነት የሚያመጡ ወደ 20 የሚጠጉ ዘረመሎች ይታወቃሉ። እያንዳንዳቸው የቲ ሴልን እድገት የሆነ ቦታ ላይ ያቋርጡታል። የቱ ጋ እንደተቋረጠ ማወቅ ለሕክምናውም ለቀጣዩ እርግዝናም ስለሚጠቅም፣ ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

ስሙ በብዛት የሚነሳው አይኤል2አርጂ ነው። የሚገኘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ማንነቱ የተለየው በ1993 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይህ ዘረመል ሴሉ ገጽ ላይ የሚቀመጥ የመልእክት መቀበያ ፕሮቲን ያሠራል። መቀበያውን 6 መልእክቶች ይጋሩታል፦ ኢንተርሉኪን 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 15 እና 21። ቲ ሴል እንዲያድግ የሚያደርገው ኢንተርሉኪን 7 ነው። ኤንኬ የሚባለውን ሌላ ገዳይ ሴል የሚያሳድገው ደግሞ 15 ነው። መቀበያው ሲበላሽ ሁለቱም ሴሎች ይጠፋሉ። ቢ ሴል ይቀራል፣ ግን የሚያሠራው የለም። ወንድ ልጅ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ የሚታመሙት ወንዶች ናቸው ማለት ይቻላል።

ጃክ3 የሚባለው መልእክቱን ከዚያው መቀበያ ወስዶ ወደ ሴሉ ውስጥ ያሻግራል። እሱም ሲበላሽ ውጤቱ ያው ነው። ልዩነቱ 19ኛው ክሮሞዞም ላይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሴቶቹንም እኩል ይይዛል። አይኤል7አር ሲበላሽ ደግሞ የሚጠፋው የኢንተርሉኪን 7 መቀበያ ብቻ ነው። ቲ ሴል አይኖርም፣ ኤንኬ ግን አለ። ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባለው፣ የሴሎቹን ዓይነት እየለየ የሚቆጥረው ምርመራ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። የቱ ጎድሎ የቱ እንደቀረ ሲታይ የትኛው ዘረመል ይመርመር የሚለው ይጠብባል።

የኤዲኤ ጉዳይ ለየት ይላል። 20ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ዘረመል ሲሆን የሚያሠራው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ከሌለ መርዛማ ነገር ሴሎቹ ውስጥ ይጠራቀማል። ቲ ሴሉም ቢ ሴሉም ኤንኬውም አብረው ያልቃሉ። ይህን በ1972 ያሳወቀችው ኤሎይዝ ጊብሌት የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። በዘር የሚመጣ የመከላከል አቅም ጉድለት መነሻው እስከ ሞለኪውሉ ድረስ ሲታወቅ ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

ራግ1 እና ራግ2 ደግሞ 11ኛው ክሮሞዞም ላይ ጎረቤት ናቸው። እያንዳንዱ ቲ ሴል የራሱ የተለየ ተቀባይ እንዲኖረው ዲኤንኤው ተቆርጦ እንደገና ይገጣጠማል። ቆራጮቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አርቴሚስ የሚባለው የተቆረጠውን ጫፍ ለመግጠም ያዘጋጃል። ከሦስቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ ከጎደለ ቲ ሴልም ቢ ሴልም አይኖርም። ራግ በከፊል ብቻ ሲበላሽ ግን አሳሳች መልክ ይመጣል፤ ኦመን ሲንድረም ይሉታል። ሕፃኑ ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል፣ ንፍፊቱ ያብጣል። የሊምፎሳይት (ቲ፣ ቢና ኤንኬ ሴሎች በአንድ ላይ የሚጠሩበት ስም ነው) ቁጥሩ ጤነኛ ሊመስል፣ እንዲያውም ሊበዛ ይችላል።

ዛፕ70 ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ይህ ዘረመል ሲበላሽ ሲዲ8 የሚባሉት ቲ ሴሎች ይጠፋሉ፤ ሲዲ4 ግን በቁጥር ይኖራሉ፣ ሥራ የላቸውም። ስለዚህ “ሲዲ4 ተቆጥሮለት ደህና ነው ተብሏል” ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

በመጨረሻ ከ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ትንሽ ቁራጭ ሲጎድል የሚመጣው ዲጆርጅ ሲንድረም አለ። እዚህ ችግሩ ያለው ዕጢው ጋ ነው፤ ታይመስ በደንብ አያድግም። ከሱ ጋር የልብ አፈጣጠር ችግርና ከካልሲየም ማነስ የሚመጣ መንዘፍዘፍ አብሮ ይታያል። ብዙዎቹ ልጆች የሚያንሳቸው የተወሰነ ቲ ሴል ነው፤ ጨርሶ የሌላቸው ጥቂት ናቸው። ከ10ሩ 9ኙ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም የመጣ አይደለም፤ ልጁ ላይ አዲስ የተከሰተ ነው።

ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው። ታዲያ እንዴት በዘር መጣ?

በብዛት የምሰማው ይሄንን ነው። አንዳንዴ ከቁጣ ጋር ይመጣል። አማቶች “ዘራችን ንጹሕ ነው” ማለት ሲጀምሩ ደግሞ ትዳር ያናጋል።

ዘር መቁጠር ጥሩ ነው። ከራስ ጎሳ አለማግባትም እንደዚያው። ጃክ3፣ ራግ፣ ኤዲኤ የመሳሰሉት ልጅን የሚያሳምሙት የተበላሸው ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ያንኑ የተበላሸ ቅጂ ይዘው የመገናኘት ዕድላቸው ከፍ ይላል። ባዳ መሆን ዕድሉን ይቀንሰዋል፣ ግን አያጠፋውም። አሜሪካ ውስጥ ናቫሆ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። እነሱም ከራሳቸው ጎሳ አያገቡም። ሆኖም ከጥንት ጥቂት አባቶችና እናቶች የወረሱት አንድ የአርቴሚስ ብልሽት በመካከላቸው ስለተሰራጨ፣ ከ2000 ከሚወለዱት ወደ አንድ የሚጠጋው ይይዘዋል። ጎሳ ቢለይም ብልሽቱ ከጎሳዎቹ መለያየት ሊቀድም ይችላል።

በኤክስ የሚተላለፈው ላይ ደግሞ ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ቢቆጠር ለውጥ የለውም። ለዚህኛው ከአባት ምንም አይጠበቅም። ተሸካሚ እናት ብቻ ትበቃለች።

እኔ አንድ ቀን ታምሜ አላውቅም። ከእኔ ነው የመጣው እንዴት ይባላል?

ሁለት ኤክስ ስላለሽ ነው። አንዱ ቢበላሽ ደህነኛው ሥራውን ይሸፍናል። ጤነኛ ነሽ፣ ግን ታስተላልፊያለሽ። በእያንዳንዱ እርግዝና ወንድ ከሆነ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ከሆነች ግማሽ በግማሽ እንዳንቺው ተሸካሚ ትሆናለች።

እዚህ ላይ የቤተሰብ ታሪክ ከማሽን ይበልጣል። በእናት ወገን ያሉ ወንዶችን ጠይቁ። የእናትየው ወንድሞች በጨቅላነታቸው ሞተዋል? የእህቷ ወንድ ልጆችስ? በአገራችን ይህ ጥያቄ ተድበስብሶ ያልፋል። የሞተ ሕፃን ስሙ ብዙ አይነሳም፤ “በተቅማጥ ነው”፣ “የሰው ዓይን ነው”፣ “ሳል ገድሎት ነው” ተብሎ ይታለፋል። አያትን ቁጭ አድርጎ ቡና እያፈሉ ቀስ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ደግሞ ታሪክ ከሌለ ነፃ ነን ማለት አይደለም። በኤክስ የመጣባቸው ብዙ ልጆች ቤተሰባቸው ውስጥ ከነሱ በፊት የታወቀ ሰው አልነበረም።

ጥፋተኛ ደግሞ የለም። ዘረመሉን መርጦ የወሰደ ሰው የለም።

ሲወለድ እኮ ደህና ነበር። ክርስትናው ላይ እንኳ ሁሉም “እንዴት ያምራል” ብሎት ነበር።

እውነት ነው፣ ያምራል። በእርግዝና ጊዜ ከእናቱ የተሻገረ ፀረ እንግዳ አካል ለተወሰኑ ወራት ይጠብቀዋል። ስለዚህ በ40 ቀኑ ከሌላው ሕፃን አይለይም። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ጥርጣሬ ካለ ግን ድግሱ ላይ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ የሚስመውን ነገር አቆዩት። ማንም አይቀየምም፤ ቢቀየምም ይለፈው።

የትኛው ምልክት ነው “ይሄስ ጤና አይደለም” የሚያሰኘው?

ክብደቱ ከቆመ ወይም ከቀነሰ። ተቅማጡ ለሳምንታት አልቆም ካለ። ምላሱና ጉንጩ ውስጥ የሚወጣው ነጭ ፈንገስ በመድኃኒት ጠፍቶ ተመልሶ ከመጣ። በዓመት ሁለቴና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች ከያዘው፣ ወይም አንዱ የሳንባ ምች አንቲባዮቲክ ተቀያይሮለት አልነቃነቅ ካለ። ጉንፋን እንኳ ከያዘው የማይለቀው ከሆነ። ሐኪሙ ደግሞ ደረት ኤክስሬይ ላይ የታይመስ ጥላ መኖሩን ያያል፤ ትንሽ ሕፃን ላይ ጥላው ሊኖር ይገባል።

የቢሲጂ ክትባት የተወጋበትን ክንድም እዩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትንሽ ቁስል ወጥቶ ጠባሳ ትቶ መዳኑ የተለመደ ነው። እየሰፋ የሚሄድ፣ የማይደርቅ ቁስል ወይም ብብት ሥር የሚያብጥና የሚመግል ነገር ግን የተለመደ አይደለም።

ክትባት ላስቀርበት?

ቤተሰባችሁ ውስጥ ምንም ታሪክ ከሌለና ልጁ ደህና ከሆነ፣ በፍጹም። ይህን ገጽ አንብቦ ክትባት የሚያስቀር ሰው ካለ ባልጻፍኩት ይሻለኛል። ኩፍኝ ከዚህ በሽታ ይልቅ ብዙ ልጅ ይገድላል።

ጥርጣሬ ላለበት ልጅ ግን ነገሩ ይለያል። አንዳንድ ክትባቶች የተዳከመ ሕይወት ያለው ተህዋስ ይዘዋል፦ ሲወለድ የሚሰጡት ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ፣ በ6 ሳምንት የሚጀመረው ሮታ፣ በ9 ወር የሚሰጠው ኩፍኝ። ቲ ሴል የሌለው ልጅ ላይ ቢሲጂ ራሱ መላ ሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል። ፔንታቫለንቱና የሳንባ ምች ክትባቱ ሕይወት ስለሌላቸው አይጎዱትም፤ ብዙ ባይጠቅሙትም። ቤት ውስጥ ያሉ ሌሎች ልጆችም የፖሊዮ ጠብታ ሳይሆን በመርፌ የሚሰጠውን ቢወስዱ ይመረጣል፤ የጠብታው ቫይረስ በሰገራቸው ይወጣል። ሙሉ ውሳኔው የሕፃናት ሐኪም ነው። የእናንተ ሥራ ቀድሞ መናገር ነው።

ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ተሠርቶለት “ኖርማል” ተብሏል። ያ አይበቃም?

የኔ ሙያ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

ማሽኑ የሚያወጣት ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ጠቅላላ ነጭ የደም ሴልና ሄሞግሎቢን። ከነሱ በታች ሊምፎሳይት የሚል አለ። ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዱ በመቶኛ፣ ሌላው በቁጥር። የምንፈልገው ቁጥሩን ነው። ከሊምፎሳይቶች ትልቁ ድርሻ ቲ ሴል ስለሆነ፣ ቲ ከሌለ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል።

ችግሩ ከቁጥሩ ጎን “ኖርማል” ተብሎ የሚታተመው መጠን ነው። ብዙ ማሽን የተሞላው የአዋቂ ሰው መጠን ነው። አዋቂ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 1500 ሊምፎሳይት ቢኖረው ምንም አይባልም። የ3 ወር ሕፃን ግን ከ4000 በላይ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ 1800 የሆነ ሕፃን ወረቀቱ ላይ ምንም የቀስት ምልክት አይወጣበትም። ማሽኑም ዝም ይላል፣ ሰውም ዝም ይላል።

ሕፃን ልጅ ሊምፎሳይቱ ከ3000 በታች ከመጣ “ይደገምልኝ” በሉ። ኢንፌክሽን ራሱ ለጊዜው ሊያወርደው ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ውጤት አያስደነግጣችሁ። ተደግሞም ከ2500 በታች ከሆነ ለሕፃናት ስፔሻሊስት ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። የድሮ ወረቀቶችንም አትጣሉ። ከቱላም ይምጣ ከይርጋለም፣ የሦስት ወር ተከታታይ ሲቢሲ ይዞ የመጣ አባት ከየትኛውም የሪፈር ደብዳቤ የተሻለ ይነግረናል።

ያም ሆኖ ጥሩ ቁጥር ሁልጊዜ ነፃ አያወጣም። ቢ ሴሎቹ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእናቱ ቲ ሴሎች በእርግዝና ተሻግረው ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ኦመን ያልኳችሁም አለ። ምልክቱ እያለ ቁጥሩ ደህና ከሆነ ሐኪሙ ወደ ፍሎው ሳይቶሜትሪ ይሄዳል። የዘረመሉ ምርመራ ናሙና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ ይላካል።

ውጭ አገር ሲወለዱ ይመረመራሉ የሚባለው ምንድን ነው?

ከተረከዝ የምትወሰድ ጠብታ ደም ነች፤ ወረቀት ላይ ትደርቃለች። የሚፈለገው ትሬክ የሚባል ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ቅድም ራግ ዲኤንኤ ይቆርጣል ብያለሁ፤ ትሬክ ከዚያ ሥራ የሚተርፈው ነው። ልብስ ሰፊ ቤት ገብታችሁ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ካያችሁ ሰውየው ሲሠራ እንደዋለ ታውቃላችሁ። ወለሉ ባዶ ከሆነ አልሠራም። ትሬክ ከሌለ ታይመስ አዲስ ቲ ሴል አላወጣም ማለት ነው። በ2008 ዊስኮንሲን ጀመረችው፤ በ2018 ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ያዙት። እዚያ በተቆጠረው መሠረት ከ58,000 ከሚወለዱ አንዱ ይገኝበታል።

ግግ ይነቀልለት፣ እንጥሉ ይቆረጥ የሚሉኝ አሉ።

አይነቀል፣ አይቆረጥ። ለጤነኛውም ሕፃን አደጋ ነው። መከላከያ ለሌለው ልጅ ደግሞ ያ ስለት መጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ጡትና ውኃስ? ጠበል ላጠጣው እችላለሁ?

ውኃ ከቧንቧም ይምጣ ከጠበል፣ ይህ ልጅ የሚቀምሰው የፈላ ይሁን። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተህዋስ በክሎሪን አይሞትም፤ ሲፈላ ግን ይሞታል። ካህኑን ብትጠይቋቸው የሚከለክሉ አይመስለኝም። ጡት ላይ በራሳችሁ አትወስኑ። ሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ በእናት ወተት ሊተላለፍ ስለሚችል አንዳንድ ሐኪሞች ያስቆማሉ። ግን ጡጦ በደንብ ካልተቀቀለ የራሱን ጣጣ ያመጣል። የእናቲቱ ደም ለሲኤምቪ ተመርምሮ ቢወሰን ይሻላል።

ደም የሚያስፈልገው ከሆነም ለሐኪሙ ጥርጣሬውን ንገሩት። ለእነዚህ ልጆች የሚሰጠው ደም በጨረር የታከመ መሆን አለበት። አለበለዚያ በደሙ የገቡት የሰጪው ቲ ሴሎች ልጁን ራሱን ያጠቁታል።

ይድናል?

አዎ፣ ሊድን ይችላል። ዋናው ሕክምና የመቅኒ ንቅለ ተከላ ነው። የመጀመሪያው የተሳካው በ1968 በአሜሪካ ሚኒሶታ ነው፤ ሰጪዋ የሕፃኑ እህት ነበረች። የአንድ እናትና አባት ልጅ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። የሚገጥም ከሌለ የወላጅ ግማሽ የሚገጥም መቅኒም ተዘጋጅቶ ይሰጣል።

ወሳኙ ጊዜ ነው። በ2014 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ላይ 3 ወር ተኩል ሳይሞላቸው ከተሠራላቸው ሕፃናት 94 በመቶው ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ዕድሜ አልፈው፣ ኢንፌክሽን ይዟቸው ከተሠራላቸው ግማሾቹ ብቻ ናቸው የተረፉት። ስለ “ፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ያደገው ልጅ” የሰማችሁ ካላችሁ፣ ዴቪድ ቬተር ነው። በ1971 ሂውስተን ተወልዶ 12 ዓመት ተለይቶ ኖረ፤ በ1984 ሞተ። ያኔ የሚገጥም መቅኒ አልነበረውም።

የዘረመል ሕክምናም አለ። የልጁን የራሱን ሴሎች ወስዶ ደህነኛ ቅጂ አስገብቶ መመለስ ነው። ለኤዲኤ በ1990 ተሞከረ። ፓሪስና ለንደን ላይ በኤክስ የሚመጣው ካለባቸው 20 ወንዶች ብዙዎቹ ቲ ሴል አገኙ፤ 5ቱ ግን የደም ካንሰር ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ዘረመሉን የሚያጓጉዘው ቫይረስ ተቀየረ። ለኤዲኤ ደግሞ የጎደለውን ኢንዛይም በመርፌ መተካትም ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለኛ ሰው ሩቅ መሆኑን አውቃለሁ። ወደ ህንድ ጉዞ፣ የቤተ ዘመድ መዋጮ፣ ወረቀት መሯሯጥ። እስከዚያ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። ለሳንባ ምች መከላከያ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል ርካሽ ነው፤ በየፋርማሲው አለ። ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ከተገኘ ይጨመራል። እጅ መታጠብና ጉንፋን የያዘውን ሰው ከበር መመለስ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ልጅ አጥተናል። አሁን ደግሞ አርግዣለሁ።

ከመውለድሽ በፊት ለእርግዝና ክትትል ባለሙያዋ ንገሪያት፤ ካርድሽ ላይም ታጽፈው። የሞተው ልጅ ዘረመል ተለይቶ ከነበረ በእርግዝና ላይ መመርመር ይቻላል። ካልተለየም መንገድ አለ። ከእትብቱ ወይም ከሕፃኑ ደም ተወስዶ ሊምፎሳይቱ በመጀመሪያው ቀን ይቆጠር፤ ከተቻለ ቲ ሴሉም። ውጤቱ እስኪታወቅ ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ይቆዩ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ክትባቱ ቶሎ ስለሚሰጥ ይህን ለአዋላጇ የሚነግር አንድ ሰው አብሮሽ ይግባ፤ ባልሽ ወይም እህትሽ። አንቺ ያኔ ለመናገር አቅም ላይኖርሽ ይችላል። ልጁ ደህና ሆኖ ከተገኘ ክትባቱን በዚያው ሳምንት ይጀምራል።